ከሚሴ ላውድ ላይ

ከሚሴ ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያወራ ሰው ይጠረጠራል። ወይ ዕዳ አለበት፣ ወይ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ አስቧል፣ ወይ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥቶ አገሩን ገና አልለመደም። የታመነ ሰው ስልኩን ሊጎርሰው የደረሰ ይመስል ከአፉ ፊት ለፊት ይዞ፣ ላውድ ላይ አድርጎ፣ እየተራመደ ያወራል። የደሴ መኪና ጥሩንባውን ቢነፋበት አያቋርጥም፤ ድምፁን ይጨምራል እንጂ። የሰማ ሁሉ ደግሞ ሐሳብ የመስጠት መብት አለው። ባጃጅ ውስጥ አንዱ ተሳፋሪ ከወንድሙ ጋር በመሬት ወሰን ሲጨቃጨቅ፣ ሹፌሩ ዞር ብሎ «ወንድምህ እውነቱን ነው» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተሳፋሪው አልተቆጣም። «አንተ እኮ የሰማኸው የእሱን ብቻ ነው» ብሎ ነገሩን ከአያቶቻቸው ጀምሮ ያስረዳው ገባ። እኔም መውረጃዬን አለፍኩ። የአያቶቹን ነገር ሳልሰማ እንዴት ልውረድ?

ዐረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ደግሞ የባሰ ነው። በእኛ አካባቢ፣ ባቲም ሆነ ሰንበቴ፣ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ልጅቷ ከጅዳ በኢሞ ስትደውል ስልኩ ከእናቷ እጅ ተነስቶ ጀበናው አጠገብ ላለችው ጎረቤት፣ ከእሷ ለአክስት፣ ከአክስት በር ላይ ቆሞ ለሚያየው ሕፃን ይዞራል። ሁሉም ፊቱን ያሳያል፣ ሁሉም «አብሽሪ፣ አላህ ያግዝሽ» ይላል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማ፣ ያቺ ብር ደረሰች?» ትላለች። ድምጿን ዝቅ ማድረጓ ምንም አይጠቅማት፤ ላውድ ላይ ናት። የባንኩ መልእክት እናትየው ስልክ ላይ ሳይገባ የመጀመሪያው ተበዳሪ ጉሮሮውን እየጠረገ በር ላይ ይቆማል።

ቴክኖሎጂው እንዳላበላሸን መመስከር አለብኝ። ከሞባይል በፊት በቴሌ ካቢን ዘመን የነበረ ሰው ያውቀዋል። «ጅዳ፣ ካቢን ሁለት!» ተብሎ ሲጠራ የተጠራው ሰው ገብቶ በሩን ይዘጋና፣ ጅዳ ያለው ሰው ያለ ስልክ እንዲሰማው ይጮኻል። መስመሩ ጥሩ ባልሆነ ቀን ጅዳ ያለው ሰው ብቻ ነበር የማይሰማው። ከዚያም ወደኋላ ብንሄድ የምሥራቅ ጎረቤቶቻችን አፋሮች ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ የዝናቡን፣ የሣሩን፣ የከብቱን፣ የጠቡንና የእርቁን፣ በመንገድ ያለፈውንም እንግዳ ወሬ ይለዋወጣል። በዳጉ መዋሸት ነውር ብቻ ሳይሆን የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ፣ ባቲ በሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውንና አርጎባውን ሲያገናኙ የኖሩት ለጨውና ለግመል ብቻ አይደለም። በበጋ ከብት ሁሉ ወደ ጨፋ ረግረግ ሲወርድም ወሬው አብሮ ይወርዳል።

እንዲህ ባለ አገር ነው እንግዲህ የግል መረጃ ጥበቃ የሚባል ነገር ከቡና ወሬያችን መሀል የገባው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን በ2016 አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1321 ነው። ሰው ስለ ራሱ ምን እንደተያዘበት የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ ያልፈለገውን የመቃወም መብት አለው ይላል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ጽፏል። ይህን ለቡና ጉባኤያችን ሳነብ ሐጂ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «ላውድ ላይ ለሚያወራም ይሠራል?» አሉኝ።

ሐጂ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸው አይታወቅም፤ እሳቸውም አያውቁትም። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ላይ የትውልድ ቀናቸውን ሲጠየቁ «ከ66ቱ ድርቅ በፊት፣ በቦርከና ሙላት ጊዜ» ብለው ነበር። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ወንዝ አይቀበልም፤ ቀን፣ ወርና ዓመት ይፈልጋል። በመጨረሻ መዝጋቢው ልጅ አንድ ቀን መረጠላቸው። ሐጂም «መልካም ቀን ነው?» ብለው ጠይቀው ተቀበሉ። ከዚያ ዐሥሩ የእጅ ጣት መጣ። ዕድሜ ልኩን ሞፈርና አካፋ የጨበጠ ጣት ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ማሽኑ ደጋግሞ አላነብም አለ። ተጠርጎ፣ ተጠርጎ ተነበበ። ከዚያ ሁለቱ ዓይን፣ ከዚያ ፊት። ሁሉን ከሰጡ በኋላ ሐጂ አልተነሱም። መዝጋቢውን ትኩር ብለው እያዩ «ጣቴን ወሰድህ፣ ዓይኔን ወሰድህ፣ ስሜን እስከ አያቴ ወሰድህ። አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ልጁ ደንግጦ ተናገረ። በባለቤታቸው በኩል የሚዛመዱ ሆነው ተገኙ። ያኔ ነው ፊታቸው የተፈታው፤ ወረፋው ከኋላ እያጉረመረመ ስለ ልጁ አጎት እርሻ ሲጠይቁ ቆዩ።

እኔ ከዚህ አገር የተረዳሁት ይህንኑ ነው። የእኛ ሰው መታወቁን አይጠላም። ያወቀውን ሰው አለማወቁ ነው የሚያንገበግበው። ጎረቤቴ የእኔን ዕዳ ቢያውቅ እኔም የእሱን አውቃለሁ፤ አፉን ሲከፍት እኔም የምከፍተው አለኝ፤ ስለዚህ ሁለታችንም ዝም። ስንት ትዳር፣ ስንት ሽርክና በዚህ ዝምታ ቆሟል! አሁን የመጣው ማሽን ግን አይታመምም፣ አይበደርም፣ ልጅ አይድርም። ሁሉን ያውቃል፣ ቡና አይጠጣም።

ስለዚህ ነው የእማማ የደኅንነት ሥርዓት የሚገርመኝ። እማማ የሐጂ ታላቅ እህት ናቸው። ቴሌብር በ2013 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘባቸው እዚያ ውስጥ ነው። የምሥጢር ቁጥራቸውን የልጅ ልጃቸው ያውቃል፣ ባለ ሱቁ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ከእማማ በስተቀር ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ባለሙያ ቢሰማ ራሱን ይስታል። አንድ ቀን ቡና ላይ እያለን ስልካቸው ጮኸ። ላውድ ላይ አደረጉት።

«ከቴሌ ነው የምንደውለው፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል!»

«አልሐምዱሊላህ። የማን ልጅ ነህ?»

«እማማ፣ አሁን ስልክዎ ላይ ቁጥር ይገባል፣ እሱን ይንገሩኝ።»

«ቁጥሩ የትም አይሄድም የኔ ልጅ። አገርህ የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«እሱማ የምትሠራበት ነው። አባትህስ ከወዴት ናቸው? ሸዋ ናቸው ወሎ?»

ሰውዬው እናቱ የጠየቁት ይመስል ተንተባተበ። እማማ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቱ ጤና ጠይቀው ሳይጨርሱ ስልኩ ተዘጋ። እማማ ተቀየሙ። «ሽልማት ይዞ መጥቶ ሰላምታ አያውቅም?» አሉ። ባንኮች ለደንበኛቸው የሚልኩት የአንድ ጊዜ የይለፍ ቁጥር ሁሉ ተደምሮ «የማን ልጅ ነህ?» ከምትለው ጥያቄ አይበልጥም።

አሁን ወደ ባለሙያው ልምጣ። በሰፈራችን አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቅ አለ። ኮምቦልቻ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተመርቋል፤ በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም አልፏል። ሲመረቅ እናቱ በግ አርደው ጎረቤት ጠሩ። በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ ዲሹን ሊያሠራ መጣ። «ኮምፒዩተር የተማረ ዲሽ እንዴት ያቅተዋል?» ነበር ክርክሩ። ልጁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ናይልሳት ሲፈልግ ዋለ፤ ያቺ ቀን ሥራው ከምን እንደሚጀምር ወሰነችለት። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ልምድ ይጠይቃል፣ ልምዱ ደግሞ ሥራ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤት የገቡት የክፍል ጓደኞቹም የአይሲቲ ባለሙያ ተብለው ፕሪንተር ውስጥ የተነከሰ ወረቀት ሲያወጡና የኃላፊውን ስልክ ከኃላፊው ልጅ ጌም ሲያጸዱ ይውላሉ። «ሲስተም የለም» ብሎ ለባለጉዳይ መንገርም የእነሱ ሥራ ነው። ሲስተሙ ሲኖር ግን የሚያመሰግናቸው የለም።

በ2016 መጨረሻ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከኤምሬትስ መንግሥት ጋር ሆኖ ሲጀመር የከተማው ወጣት ሁሉ ተመዘገበ። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት። በርጫ ላይ እየተቃመ ስንቱ ሰርተፍኬት እንደያዘ አላህ ይወቀው። ጀርባው ላይ «ኮደር» ብሎ የለጠፈ ባጃጅ አይቻለሁ፤ ሹፌሩን ስጠይቀው በእርግጥም ሰርተፍኬት አለው። «ታዲያ ምን ሠራህበት?» ብለው «ለጠፍኩት» አለኝ። አላሾፍኩበትም። እውቀት ነው፣ ባጃጅ ላይ ተለጥፎ ቢውል የሚጎዳው ነገር የለም። ነገር ግን የእናቶቹ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም፦ «ኮደር ደመወዙ ስንት ነው? ጡረታስ አለው?»

የእኛ ምሩቅ አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ለውጭ ሰው ሥራ ሠርቶ ነበር። ሥራው አላስቸገረውም፤ ያስቸገረው ክፍያው ነው። ዱባይ ያለች የአክስቱ ልጅ ተቀብላ ልትልክለት ተስማሙ። እሷም ግማሹን ላከች፣ በግማሹ «ይጠቅምሃል» ብላ ሽቶ ገዛችለት። እንዲህ ያለ ደመወዝ ያገኘ ፕሮግራመር በዓለም ላይ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ደንበኞቹ ግን ሱቁ ይሸታል ይላሉ።

ሱቅ ያልኩት የሞባይል ጥገናውን ነው። መስታወት ያለው ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የቻርጀር ገመድ። በዚያች ላፕቶፕ የመንዙማ ሜሞሪ ይሞላል፣ የጠፋ ፎቶ ያወጣል፣ ፓተርን የረሳውን ስልክ ይከፍታል። ሰው ስልኩን ከነቁልፉ ጥሎለት ገበያ ይሄዳል። ከነገሩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። የሙሽሪት ፎቶ እሱ ጋ ነው፣ የነጋዴው ሒሳብ እሱ ጋ ነው፣ የባልና ሚስት የድምፅ መልእክት እሱ ጋ ነው። ከተማዋ በሙሉ ላውድ ላይ ስትሆን ዝም ያለ ሰው እሱ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለ መረጃ ደኅንነት አንድ ኮርስ ወስዷል፤ ግን ዝምታውን ከዚያ ያገኘው አይመስለኝም። «ወሏሂ፣ አላየሁም» ይላል ሁልጊዜ፤ ማየቱን ያውቃሉ፣ እንደማይናገርም ያውቃሉ። ቢናገር ነገ ሱቁ ይዘጋል፣ እናቱም ቡና የሚጠራት ታጣለች። እንዲህ ያለ ዋስትና በየትኛው አዋጅ ይጻፋል?

ወሬ የሚያወጣው ሌላ ነው። የማያውቁት ቁጥር ሲደውል የማን እንደሆነ የሚናገር አፕ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ወጣቶቹ አስገቡት፣ ሲያስገቡም ስልካቸው ውስጥ ያለውን የስም ዝርዝር ስጡኝ ሲላቸው ሰጡት። ከዚያ በኋላ ነው እኛ ለካ ሰው ስልክ ላይ በምን ስም እንደምንኖር የታወቀው። የተከበሩት ነጋዴ «ሙሐመድ ሲሚንቶ የከለከለኝ» ሆነው ወጡ። አንዲት ደርባባ እናት «ቶሎ አትመልስም» ናቸው። አንዱ መምህር ደግሞ «አታንሳው» ተብሎ ተመዝግቦ ተገኘ። እኔ የምን ስም እንዳለኝ ጠይቄ አውቄያለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። ሰው ለወራት «አንተ ነህ እንዲህ ብለህ የያዝከኝ?» እየተባባለ ተፈላለገ። ዳጉ ቢሆን ኖሮ ተናጋሪው ይታወቅ ነበር፤ አፕ ግን የተናጋሪውን ስም ሳይጠራ ሁሉንም አጣልቶ ይሄዳል።

በቡናችን ከፍተኛውን ክርክር ያስነሳው ግን የባንኩ ጉዳይ ነው። በመጋቢት 2016 አንድ አርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ከሌለው ገንዘብ በላይ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ከአውጪዎቹም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ መልሱ አለ፣ ብዙ ሰው መለሰ። ያልመለሱትን ደግሞ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አወጣ። የመረጃ ጥበቃ አዋጁ የጸደቀውም በዚያው ዓመት መሆኑ ለክርክራችን ተጨማሪ ማገዶ ሆነ። ምሩቁ «የደንበኛ ፎቶ ባንኩ የያዘው ለዚህ አልነበረም» አለ። እማማ «የሰው ልጅ ፎቶ ግድግዳ ላይ! እናቱ ብታልፍስ?» አሉ። አንዱ «ሌባ ይታወቅ እንጂ» አለ። ሐጂ ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ ፈረዱ፦ «የወሰደው ልጅ ይታወቅ። ግን ሲስተሙን ያበላሸውም ይታወቅ። የሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይለጥፉልን።»

የፎቶ ነገር የሴቶቻችን ቁስል ነው። በሠርግ የሴቶች ድንኳን ስልክ አይነሳም፣ የተነሳም ይሰበሰባል፤ ይህን የሚያስከብሩት አሮጊቶች ከየትኛውም ተቆጣጣሪ ይበረታሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደችው ተመራማሪ አበባ ብርሃኔ ከባልደረባዋ ቪናይ ፕራቡ ጋር በ2020 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ሥራ ቢነገራቸው በደንብ ይገባቸዋል። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማሽን ማስተማሪያ ብሎ ከኢንተርኔት ያከማቸው 80 ሚሊዮን ትንንሽ ምስል ነበረው። እነሱ ሲመረምሩት በዘርና በፆታ የሚሳደብ መጠሪያ የተለጠፈባቸው ምስሎች አገኙበት፤ ዩኒቨርሲቲውም ክምችቱን አነሳው። ለእማማ ሳወራላቸው «ሳያስፈቅዱ አንስተው፣ ደግሞ ስም አወጡላቸው?» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ስለ መሰማት ይህን ያህል ካልኩ ስላለመሰማትም ጥቂት ልበል። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት በዚህ መንገድ ሲመጣ ስልክ ጠፋ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ጅዳ ያለችው ልጅ በኢሞ ትጠራለች፣ እዚህ የሚጮኽ የለም። ወሬ በአይሱዙ ሹፌር መምጣት ጀመረ። አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ወደ ጅዳ የሚደውልለት የስም ዝርዝር በኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር፤ «እናትሽ ደኅና ናት፣ በጎቹም ደኅና ናቸው፣ ብሩን አሁን አትላኪ» የሚል መልእክት። ማን ይሰማናል የሚለው ሥጋት ያን ጊዜ ቅንጦት ሆኖ ታየኝ። እማማ አንድም ቀን ስለ መብት አላወሩም፤ ግን በየማታው ያን ዝም ያለ ስልክ ቻርጅ ላይ ይሰኩት ነበር፣ መብራትም ባለ ጊዜ።

ሰሞኑን የሐጂ የልጅ ልጅ ዘመናዊ ስልክ ገዛላቸው። በየመተግበሪያው የሚመጣውን «እስማማለሁ» የሚለውን ሁሉ ሐጂ ራሳቸው ተጫኑት፤ «እንቢ ማለት ነውር ነው» ብለው። ከሳምንት በኋላ ምሩቁ ስልኩን ተቀብሎ ካርታ ከፈተና የዋሉበትን አሳያቸው፦ እሑድ ሰንበቴ ገበያ፣ ከዚያ መስጊድ፣ ከዚያ ጨፋ ድረስ፣ ከዚያ ለባለቤታቸው ያልተናገሩት አንድ ቤት።

«ማነው ያየኝ?» አሉ ሐጂ።

«ጎግል።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«አሜሪካ።»

«የሄድኩበትን ሁሉ ያውቃል?»

«ስልኩ ከእርስዎ ጋር ካለ፣ አዎ ሐጂ።»

ሐጂ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ሁላችንም ስልኩን አጥፉልኝ የሚሉ መስሎን ጠበቅን።

«ደግ» አሉ። «እንግዲህ ይህን ያህል ካወቀኝ ጠይቅልኝ። ያቺ ግመሌ ጨፋ ላይ ከጠፋች ወር ሊሞላት ነው። ወዴት ገባች?»

«ግመሏ ስልክ የላትም እኮ ሐጂ።»

«ያንተ ጎግል» አሉ ሐጂ ስልኩን ወደ ኪሳቸው እየከተቱ፣ «የእኔን ሽማግሌ ነገር ተከታትሎ ግመል የሚያህል ነገር ያመለጠው ምን ዓይነት እረኛ ነው?»